የእንጦጦ ጨለማና ደራሲዎቹ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚያወርደው መንገድ ነጠላ ባጣፉ ሰዎች ይሞላል። አንዳንዱ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከቀበና፣ ከኮተቤ በሌሊት የተነሣ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከክፍለ ሀገር መጥቶ፣ ጸበሉ አጠገብ ቤት ተከራይቶ ሰነባብቷል። ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠለች እናት፣ መቁጠሪያውን በጣቱ የሚያዞር ሽማግሌ፣ በሁለት ወንድሞቿ ተደግፋ የምትወርድ ልጅ ይታያሉ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ጸበሉን መርጨት ሲጀምሩ ጩኸቱም ይጀምራል። እስካሁን አንገቷን ደፍታ የቆመችው ሴት በጎርናና የወንድ ድምፅ «ተቃጠልኩ!» ትላለች። ጥያቄው ወዲያው ይከተላል። ማነህ? ከየት መጣህ? የት አገኘሃት? መንፈሱም አንዴ እየፎከረ አንዴ እየተለማመጠ ይመልሳል። ወንዝ ዳር በቀትር አገኘኋት ይላል፤ የላከኝ እገሌ ነው ይላል። በመጨረሻም መቼ እንደሚለቅና ሲለቅ የሚያሳየውን ምልክት ተናግሮ ይገዘታል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ያማትባል፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ጆሮውን ይሰጣል።

ልብ ወለድ መጻፍ የሚመኝ ወጣት እዚህ ቆሞ ቢመለከት የሚያስቀና ነገር ያያል። ገጸ ባሕርይ አለ፣ ግጭት አለ፣ የተደበቀ ምስጢር አለ፣ የሚፈታበት ጊዜ አለ። ሰሚው እስኪጨርስ ድረስ አይነቃነቅም። ይሁን እንጂ እዚያ ከቆሙት መካከል ልብ ወለድ እየሰማ እንደሆነ የሚያስብ አንድም ሰው የለም። የአማርኛ የጨለማ ተረት ጸሐፊ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ፈተናውም ይኸው ነው።

ያልተፈረመው ውል

ፈረንጆቹ ዳርክ ፋንታሲ የሚሉት የልብ ወለድ ዘርፍ ተረትና ፍርሃትን አንድ ላይ የሚያጋባ ነው። ጥንቆላ አለበት፣ የማይታይ ዓለም አለበት፣ ዋናው ሰው ራሱ እጁ ንጹሕ አይደለም፤ ክፉው ሁሌም አይሸነፍም። ዘርፉ የቆመው በደራሲና በአንባቢ መካከል ባለ ውል ላይ ነው። ደራሲው «እዋሽሃለሁ» ይላል፤ አንባቢውም ውሸት መሆኑን እያወቀ ለመፍራት ይስማማል። ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 «ድራኩላ»ን ሲያሳትም፣ የለንደን አንባቢው ደም መጣጩ ዛሬ ማታ ቤቴ ይመጣል ብሎ አልሰጋም። መጽሐፉን ዘግቶ ሻማውን አጥፍቶ ተኝቷል።

አፍሪካውያንና የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ደራሲያንም ይህን ውል በራሳቸው መንገድ ፈርመዋል። ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱኦላ እ.ኤ.አ. በ1952 የዮሩባን የሙታን ዓለም ይዞ ለንደን ላይ ሲያሳትም ዓለምን አስደንቋል። ጃማይካዊው ማርሎን ጀምስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመው ልብ ወለድ የአፍሪካን ጭራቅና ቅርጹን የሚለዋውጥ ሰው ለዘመኑ አንባቢ አቅርቧል።

የአማርኛ ደራሲ ጨለማ አላጣም፤ የተትረፈረፈ አለው። አስቸጋሪው ነገር ጨለማው ገና ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። ቡዳው፣ ዛሩ፣ የቀትር ጋኔኑ፣ መተቱ በቤተ መዘክር የተቀመጡ የድሮ ዕቃዎች አይደሉም። ከአንባቢዎቹ መካከል ያመኑባቸው አሉ፣ የሳቁባቸው አሉ፣ ቀን ስቀው ማታ የሚያማትቡ ግን ይበዛሉ። በ1990ዎቹ የእንጦጦ ጸበሎች ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ብዙ ሰዎች ተስፋ አድርገው የሚሰፍሩባቸው ቦታዎች ነበሩ። መድኃኒቱን ጥሎ ጸበሉን ብቻ የያዘ ሰው በመብዛቱ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገር አስፈልጓቸዋል። እምነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ በሆነበት ተራራ ሥር ተቀምጦ «ይህ ተረት ነው፣ ለጨዋታ ፍሩት» ማለት ቀላል አይደለም።

በቁመት ልክ የሚጻፍ መጽሐፍ

በዚህ ምድር የመጀመሪያው የጨለማ ደራሲ ደብተራው ነው። ቅኔ ተቀኝቶ፣ ዜማ ተምሮ፣ ቀን ማኅሌት ቆሞ፣ ማታ በጓዳ ክታብ የሚጽፈውን ማለታችን ነው። ደብተራ ሁሉ ክታብ ጻፈ ማለት አይደለም፤ ክታቡን የጻፈው ግን በአብዛኛው ደብተራ ነው።

አሠራሩ ደንብ አለው። ደንበኛው መጥቶ ሕመሙን ይናገራል፤ ደብተራው የሰውዬውንና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር አስልቶ ኮከቡን ያወጣል። በኮከቡ የታዘዘው በግ ወይም ፍየል ይታረድና ቆዳው ይፋቃል፣ በአውታር ይወጠራል፣ ብራና ይሆናል። ጠባብ ጠባብ ሆኖ የተቆረጠው ብራና ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል። ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ ይዘጋጃል፤ ቀዩ ለርእስና ለቅዱስ ስም ይቀመጣል። ጽሑፉ መካከል የሚስሉት ሥዕል ከሁሉ ይልቅ ዓይን ይበዛበታል። አፍጥጦ የሚመለከት ዓይን፣ ስምንት ጫፍ ካለው ኮከብ መካከል የሚያይ ፊት፣ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ይገኝበታል። ጋኔኑ በታማሚው ዓይን አሻግሮ ሲያይ ከዚያ ሥዕል ጋር ይፋጠጣል፤ ደንግጦም ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። በየጸሎቱ መካከል የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። ተጠቅልሎም በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል።

በብራናው ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ታሪክ ነው። ልጆቿ እየሞቱባት ለተቸገረች እናት የሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክ ይጻፋል። ውርዝልያ ሕፃናትን የምትገድል ናት፤ የሱስንዮስንም ልጅ ገድላለች። አባትየው ፈረሱን ጭኖ ይከተላታል። በመንገድ ያገኛትን አሮጊት ጠይቆ፣ በአጋንንት ተከባ ካለችበት ቦታ ይደርሳል፤ ጸልዮም በጦር ይወጋታል። ሌላው ታሪክ የንጉሥ ሰሎሞን መረብ ነው። ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ አጥምዶ ምስጢራዊ ስማቸውን እያስገደደ ያናግራቸዋል። ስሙን ያወቅኸው ጋኔን አገልጋይህ ነው። በኪዳነ ምሕረት ጸበል «ማነህ?» የሚባለው ጥያቄም ከዚሁ ጋር የተዛመደ ነው።

ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ እነዚህን ጥቅሎች ለዓመታት አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 አስረስ የተባሉ ባለሙያን የሕይወት ትዝታ በመጽሐፍ አሳትሟል። ትዝታው ከ1895 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ከዚያ በፊት በ1932 እ.ኤ.አ. ሌላው ፈረንሳዊ ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ገብቶ፣ መልካም አየሁ በተባሉት የዛር ባለሙያ ቤት ከርሟል። ያየውንም በኋላ «የዛር መያዝና ቴያትራዊ ገጽታው» በሚል አቅጣጫ ጽፎታል። ሌሪስ የተረዳው ነገር ለእኛም ጉዳይ ቁልፍ ነው። ዛር የያዘው ሰው ይጫወታል፣ ግን አያስመስልም። ሁለቱ አንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም ከዚሁ ዓለም ነው የጠጣው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፓሪስ ተቀምጦ በሣላቸው ሸራዎች ላይ የክታቡ ዓይን፣ ወፍና መንፈስ ወደ ዘመናዊ ሥዕል ገብተዋል። ሠዓሊው ከደራሲው ቀድሞ ውሉን ፈረመ፤ ሥዕል የሚያይ ሰው «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅምና።

78 ነፍስና አንድ ጥርኝ ውኃ

የደብተራው ክታብ የግል ጽሑፍ ነው፤ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ አንባቢ። ሕዝብ በጋራ የሚሰማው የጨለማ ታሪክ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር እንጦጦ ላይ ተራራው ሰው በሰው ይሆናል። በዚያ ቀን የሚታሰበው ከተአምረ ማርያም ታሪኮች ሁሉ የከፋው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው።

ቅምር የተባለ አገር ሰው ነው። ሰይጣን አሳስቶት ሰው መብላት ይጀምራል። ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ አገልጋዮቹን ይበላል፤ በጠቅላላው 78 ሰው። አገር ጥሎ ሲዞር በመንገድ ላይ በቁስል የተመታ ለማኝ ያገኛል፤ ሊበላው አስቦ በቁስሉ ይጸየፈዋል። ለማኙ ውኃ ይጠይቀዋል። በብዙ ስም ለምኖት እምቢ ይላል፤ በመጨረሻ ስለ ማርያም ሲለው ጥቂት ውኃ ይሰጠዋል። ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ትቀመጣለች። በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላ ወገን አንድ ጥርኝ ውኃ። እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍበት ውኃው ያጋድላል።

ይህን ታሪክ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሎ እናየዋለን፤ ሰውየው አጥንት ይዞ፣ ጸጉሩ ተንጨባርሮ። ልብ ብሎ ላየው ግን አስደንጋጩ ነገር ደሙ ላይ አይቆምም። የ78ቱ ሟቾች ጉዳይ ምን ሆነ? ሚስቱስ? ልጆቹስ? ታሪኩ የሚናገረው ስለ ምሕረት ወሰን አልባነት ነው፤ ያን ምሕረት ግን ለሰው ፍትሕ የማይመች እስኪሆን ድረስ ይዘረጋዋል። ከዚህ የበለጠ የሞራል ጥልቀት ያለው የጨለማ ታሪክ የትኛውም ሀገር ያለው አይመስለኝም።

ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያጸና ንጉሥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ይህ ንጉሥ ራሱ ደራሲ ነበር፤ ጥንቆላን አጥብቆ የሚቃወም ደራሲ። ዜና መዋዕሉ እንደሚነግረን፣ ደስክና ዲኖ የተባሉ አጋንንትን አመለኩ ተብለው በወሬ አቀባዮች የተከሰሱት የገዛ ልጆቹ በግርፋት ተቀጥተው ሞተዋል። የበላዔ ሰብእን ምሕረት ያስነበበ ንጉሥ ለልጆቹ አላሳየም። ጨለማ ከመጽሐፍ ወጥቶ በሰው ላይ ሲለጠፍ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ወደዚህ ነገር እንመለሳለን።

ከራጉኤል ደብር እስከ ዝቋላ

እንጦጦ ለዘመናዊው የአማርኛ ድርሰትም መነሻ ሆኗል። ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከተማቸውን ተራራው ላይ ሲቆረቁሩ፣ ማርያምና ራጉኤል ተተክለው ሊቃውንት ተሰበሰቡ። በራጉኤል ደብር ከተማሩትና ካገለገሉት አንዱ ከመርሐቤቴ የመጡት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በኋላ ብላቴን ጌታ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በመጨረሻም በእንግሊዝ ባዝ ከተማ በስደት ያረፉ ሰው ሆነዋል። በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» የሰው ልብ ሰው ሆኖ የሚሄድበት፣ ጠባያት እንደ ሰው የሚናገሩበት ምሳሌያዊ ጉዞ ነው። የጆን በንያን የክርስቲያን ጉዞ ተጽዕኖ ይታይበታል። ኅሩይ የማይታየውን ዓለም ወደ ታተመ መጽሐፍ አስገቡት፤ ግን አስተማሪ አድርገው፣ መርዙን አውጥተው ነው። የዘመኑ ተራማጆች ሁሉ አቋም ይኸው ነበር። አገር ልትሠለጥን ነውና ጥንቆላ ቦታ የለውም ብለዋል። የአማርኛ ልብ ወለድ ለረጅም ጊዜ እውነታዊ ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ የመምህርነት ስሜት ነው።

ፍርሃቱን ሳያስታምም ያስገባው ዳኛቸው ወርቁ ነው። በ1928 ዓ.ም. ደብረ ሲና የተወለደው ዳኛቸው በአዲስ አበባ ተምሮ፣ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የታወቀውን የደራሲያን ትምህርት ተከታትሎ ተመለሰ። በዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አስተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን አሳተመ። «አደፍርስ» ዛሬ የአማርኛ ልብ ወለድ ድንበር ተብሎ ቢጠቀስም ስለ ጨለማ ስናወራ የሚገባን ሌላው መጽሐፉ ነው። ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጽፎት፣ የለንደኑ ሃይንማን በታወቀው የአፍሪካ ደራሲያን ተከታታይ ሥር እ.ኤ.አ. በ1973 አወጣው። ርእሱ «13ኛዋ ፀሐይ» ማለት ነው።

ሰማይ በጠራ ቀን ከእንጦጦ አፋፍ ወደ ደቡብ ሲያዩ ዝቋላ ብቻዋን ቆማ ትታያለች። የዳኛቸው ልብ ወለድ ወደዚያ ተራራ ይወጣል። ፊታውራሪ ወልዱ የተባሉ ታማሚ ባላባት ከአቦ ጸበል ፈውስ ፍለጋ ልጆቻቸውን ጎይቶምንና ወይኒቱን አስከትለው በሰው ትከሻ ይጓዛሉ። በአንድ ባላገር ጎጆ ያርፋሉ። ጸበሉም አለ፣ የጠንቋይዋም ሥርዓት አለ፣ ጭስና ከበሮ፣ ደምና ላብ አለ። ጋኔን ብቅ ብሎ አይናገርም፤ ሆኖም አንባቢው በየገጹ አንድ የማይታይ ነገር አብሮት ተቀምጦ ይሰማዋል። ዳኛቸው ያገኘው መፍትሔ ይህ ነበር። መንፈስ አለ ወይስ የለም ብሎ አልፈረደም፤ በፍርሃት የሚኖሩ ሰዎች በፍርሃታቸው ምን እንደሚሠሩ አሳየ። የሚሰበረው ሰው ሁልጊዜ ከሁሉ በታች ያለው ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ወይኒቱ ናት።

ከእሱ ቀደም ብሎ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» በተባለው የእንግሊዝኛ ተውኔቱ ሌላ በር ከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ የታተመው ይህ ተውኔት ሙታን አባቶች በኦዳው ዛፍ በኩል የበኩር ልጅ መሥዋዕት ሲጠይቁ የሚያሳይ ነው። ጸጋዬ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ወደ አማርኛ ሲመልስ ሦስቱ ጠንቋዮች በመድረካችን ላይ እንግዳ ያልሆኑት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ሁለቱም ደራሲዎች ከባዱን ጨለማቸውን የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ውሉን የሚፈርምላቸው አንባቢ በውጭ ነበር።

ጅቡ ማን ነው?

በየካ ተራራ ሥር ያደገ ሰው የጅብ ድምፅ እየሰማ ነው ያደገው። ጅቦቹ ከእንጦጦ ደን ወርደው በወንዙ ተፋሰስ እስከ ቀበና ይዘልቃሉ፤ ቆሻሻ ለቃቅመው ሳይነጋ ይመለሳሉ። ቀን አንጥረኛ፣ ማታ ጅብ ስለሚሆነው ሰው ያልሰማ ልጅ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1810 እስከ 1819 በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ከሞተ በኋላ በ1831 በታተመው መጽሐፉ፣ ጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያላቸው የተገደሉ ጅቦች እንዳየ ጽፏል። ይህች ጉትቻ ለልብ ወለድ ደራሲ ከወርቅ የበለጠች ናት። ጅቡ ተገድሎ ሲገላበጥ የጎረቤትህ ሚስት ጉትቻ ብልጭ ትላለች!

ግን ከዚህ ላይ ቆም እንበል። አንጥረኛው እውነተኛ ሰው ነበር። ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው እውነተኛ ሰዎች ነበሩ። ከእንጦጦ ግርጌ ቀጨኔ ብንወርድ ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ ድስቱን የሚሠሩ እናቶች እናገኛለን። ጭቃውን ረግጠው አቡክተው፣ ቅርጽ አውጥተው፣ በጭድና በኩበት እሳት የሚተኩሱት እነዚህ እናቶች ትውልድ ሲቆጠር በኖረ ስም «ቡዳ» ተብለዋል። ቡና ያፈላንበት ጀበና የእነሱ ነው፤ ቡናውን አብረን ለመጠጣት ግን ስንፈራ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንደሚቀጣ ያወጁት ያለ ምክንያት አልነበረም። አዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን አላጠፋውም።

ስለዚህ የአማርኛ የጨለማ ደራሲ የለንደኑ ስቶከር ያልነበረበት ዕዳ አለበት። ድራኩላ በሰፈሩ ጎረቤት የለውም፤ ቡዳው ግን ጎረቤት ተደርጎ ሲፈረድበት ኖሯል። ደራሲው ጅብ የሚሆነውን አንጥረኛ እንደወረደ ቢጽፍ ተረት ሳይሆን ክስ እየጻፈ ነው። ብልህ ደራሲ ግን ታሪኩን ይገለብጠዋል። ፍርሃቱን ይጽፋል፤ ፈሪውንም ይጽፋል። በእኩለ ሌሊት በር ተሰብሮ በሚገባበት አንጥረኛ ዓይን ታሪኩን ቢያይ፣ የጅብ ድምፅ ሳይሆን የሰው ድምፅ ያስፈራል። ዳኛቸው በወይኒቱ የጠቆመን መንገድ ይህ ነው።

ዛፍ የቆጠረው ደራሲ

ዛሬ እንጦጦን «ጥቅጥቅ ጥንታዊ ደን» እያሉ የሚጽፉ አሉ። እውነቱ ሌላ ነው። የምኒልክ ከተማ ማገዶ ሲጨርስ ተራራው ተራቁቶ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ የተተከለው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። እናቶች ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱበት ደን ከከተማዋ በዕድሜ ያንሳል። አሁን ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከጎኑ አለ፤ አፋፉ ላይ 3,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ሰማይ ይመለከታሉ።

የድሮው ደን፣ ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ነው። ያንን ደን ዛፍ በዛፍ የቆጠረ ሰው ደግሞ ከዘመናችን በብዛት ከሚነበቡ የምስጢር ልብ ወለድ ደራሲያን አንዱ ሆኗል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ ነው፤ በእነዚያ ደኖች 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖም በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ከካህናቱ ጋር ደክሟል።

ከዚያ «እመጓ»፣ «ዝጎራ»፣ «መርበብት»፣ «ሰበዝ» መጡ። «እመጓ» ስሙን የወሰደው መንዝ ካለው እመጓ ኢየሱስ ገዳም ነው። ተራኪው ተመራማሪ ሆኖ ወደ ጥንታዊ ገዳማት ይጓዛል፤ ከደኑ ውስጥ የተደበቀ ነገር፣ ከተደበቀው ነገር ጀርባ ጠባቂ፣ ከጠባቂው ጀርባ ጠላት አለ። መጻሕፍቱን ዳርክ ፋንታሲ ብሎ መፈረጅ ከልክ ማለፍ ነው፤ የጉዞና የምስጢር ልብ ወለድ ናቸው። ግን የተነሣንበትን ጥያቄ በቀጥታ ይነካሉ፤ የዓለማየሁ አንባቢ ሲከራከር የሚውለው «ይህ እውነት ነው ወይስ ልብ ወለድ?» እያለ ነውና። ደራሲው ውሉን አላስፈረመም፤ አንባቢውን በሩ ላይ አቆመው። ለገበያውም ለጥበቡም የሠራለት ይኸው ነው። የገዳሙን መንገድ፣ የዛፉን ስም፣ የካህኑን አነጋገር በሚገባ ስለሚያውቅ፣ አንባቢው የማይታየውንም ሲነግረው አመነው። ለማንም ጀማሪ ደራሲ የሚጠቅም ትምህርት ነው፦ ምናብ የሚቆመው በዕውቀት ላይ ነው።

ከቤላ እስከ ብሩክሊን

በስደት ያሉ ደራሲያን ይህንን ጨለማ በሌላ ቋንቋ ይዘው ሄደዋል። የጅጅጋው ተወላጅ ነጋ መዝለቂያ ከካናዳ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያሳተመው «ቀበሮን የወለደው አምላክ» ዘርፉን ከማንም በላይ ይቀርባል። የመስፍኑ ልጅ አስተርና ባሪያው ጉዱ የሚዋደዱበት፣ አማልክትና አመፅ የተቀላቀሉበት የባላባት ዘመን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ደራሲት መዓዛ መንግሥቴ 14 አጫጭር ታሪኮችን ሰብስባ «አዲስ አበባ ኑዋር» በሚል ርእስ በብሩክሊን አሳታሚ አወጣች። በውስጡ አዳም ረታ፣ በዕውቀቱ ሥዩም፣ ሌሊሳ ግርማና ሌሎችም አሉ። ከተማዋ በሰፈር በሰፈር ተከፋፍላ ተጽፋለች። የካ ሥር የምትገኘው ቤላ በሱሌይማን አዶኒያ ታሪክ ርእስ ውስጥ ሳይቀር ገብታለች።

በአገር ቤት ያለው ወጣት ደራሲ ግን አሁንም ወደ ውጭ ያያል። ቫምፓየር የሚጽፍ፣ ዞምቢ የሚጽፍ፣ ገጸ ባሕርያቱን ኒው ዮርክ የሚያኖር አልጠፋም። ደም መጣጩ ቦሌ ላይ ሲንጎራደድ የማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለውን ጅብ ይመስላል። ከቦሌ ፎቆች ጀርባ ደግሞ የካ ዋሻ ሚካኤል አለ። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ከፊሉ የፈራረሰ ቤተ ክርስቲያን ነው። ትውፊቱ እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ይሉታል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ስንት ታሪክ ይገባል?

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የአማርኛ የጨለማ ልብ ወለድ የዘገየው በችሎታ ማነስ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ጸሐፊዎቻችን አስተማሪ፣ አንባቢዎቻችንም አማኝ ስለነበሩ ነው። አሁን ሁለቱም እየተለወጡ ነው። ለሚጽፍ ወጣት ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ገብተህ ክታቦቹን በዓይንህ ተመልከት። ሁለተኛ፣ የሽማግሌና የአሮጊት ወሬ እነሱ በሕይወት ሳሉ ቅዳ፤ ደብተራው ሲሞት ታሪኩም አብሮት ይቀበራል። ሦስተኛ፣ የምትጽፈው ፍርሃት የማንን በር እንደሚያንኳኳ ሳትጠይቅ አታሳትም። ቀጨኔ ያለች ሸክላ ሠሪ እናት መጽሐፍህን አንብባ ልጇን የምትደብቅ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢሸጥ ያ ሥራ ጥበብ አይባልም።